ሙያ በልብ ነው? ስለ ሬዲዮ ውድድር፣ ስለ ጥሪ እና ስለ ጥቆማ

የዛሬው ረዘም ይላል። ዳታ ያለው ያንብብ፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ዋይፋይ ሲያገኝ ይመለስበት።

ሰሞኑን ስለ አማተር ሬዲዮ ውድድር አጠር ያለች ነገር ለጥፌ ነበር። እዚያ ላይ «በውድድሩ ሰዓት ራስን በኢንተርኔት መጠቆም ክልክል ነው» ብዬ አለፍኩ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር መጣና «ቲቸር፣ ምኑ ነው ጥፋቱ? በዚህ ዘመን ራሱን ያላስተዋወቀ ሰው ማን ያየዋል?» አለኝ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ አይደለም። በሬዲዮኞቹ መካከልም ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ይዤው መጣሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ራስን ማስተዋወቅ ነውር ነው ብዬ አላምንም። ነውር የሚሆነው ማስተዋወቁ ራሱ ነጥብ ሆኖ ሲቆጠር ነው። ይሄን ለማሳየት መጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ሬዲዮ ስል ኤፍኤም ነው የሚመጣባችሁ።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ወይም ከክበባቸው በራሳቸው ማሰራጫና አንቴና ከሌላው ዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ነገር ነው። ገንዘብ አይገኝበትም፤ ሕጉም ለንግድ እንዲውል አይፈቅድም። እያንዳንዱ ጣቢያ የጥሪ ምልክት አለው። የኢትዮጵያ የሚጀምረው በ«ኢቲ» ነው፤ የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ጭራ አካባቢ የሚጻፈው ያው «ኢቲ»። በአገራችን የሚታወቀው ጣቢያ 5 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ። በአየር ላይ «ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» ተብሎ ሲጠራ የሰማ ሰው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለዋል።

እኔ ፈቃድ የለኝም፤ አድማጭ ነኝ። ለማድመጥ ደግሞ ሬዲዮ መግዛት ግድ አይደለም። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው በኢንተርኔት የሚከፍተው ተቀባይ አለው። በሞባይል ከፍታችሁ፣ ፍሪኩዌንሲውን ራሳችሁ እያዞራችሁ፣ እዚያ የተተከለው አንቴና የሚሰማውን ትሰማላችሁ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ አዮኖስፌር ከምለፈልፍ ይሄን ማስከፈት ይሻለኛል። ሞገዱ ከላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ ልጆቹ በጆሯቸው ይሰሙታላ!

ወደ ውድድሩ ልምጣ። ከትልልቆቹ አንዱ «ሲኪው ወርልድ ዋይድ» ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ በድምፅ፣ በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ በሞርስ ኮድ (ወሮቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሁለቱም ወደ ወሩ አጋማሽ ገደማ ይውላሉ)። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ይጀምርና እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ያልቃል። 48 ሰዓት! እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

ዓላማው ብዙ አገርና ብዙ ሰው ማግኘት ነው። ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች፤ እኛ ዞን 37 ነን (የአስተዳደር ዞን እንዳይመስላችሁ)። ሁለት ጣቢያዎች ሲገናኙ የድምፁን ጥራት እና የዞናቸውን ቁጥር ይለዋወጣሉ። ከእኛ የሚወጣው «59፣ 37» ነው። በቃ፣ አልቋል፣ ቀጣይ! ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ጀርመንን ያገኘ 3፣ ኬንያን ያገኘ ግን 1። በመጨረሻ የግንኙነቶቹ ነጥብ ተደምሮ በየባንዱ በተገኙት አገሮችና ዞኖች ብዛት ይባዛል።

ይቺ «ይባዛል» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም በሉ። አንድ ሰው 1,000 ግንኙነት በ3 ነጥብ አድርጎ 200 አገርና ዞን ቢኖረው፣ 3,000 ሲባዛ በ200፣ 600,000 ይሆናል። በሆነ ዘዴ 150 ግንኙነት እና 10 አገር ቢጨምር፣ 3,450 ሲባዛ በ210፣ 724,500 ይሆናል። ግንኙነቱ ያደገው በ15 በመቶ፣ ነጥቡ ግን ከ20 በመቶ በላይ ነው። ትንሽ ማጭበርበር ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ተባዝቶ ነው የሚወጣው።

አሁን ስለ ጥቆማ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሬዲዮኞች በኮምፒውተር የሚጠቋቆሙበት መረብ አላቸው፤ «ክላስተር» ይሉታል። አንዱ ብርቅ ጣቢያ ሲሰማ «እገሌ በዚህ ፍሪኩዌንሲ፣ በዚህ ሰዓት ይሰማል» ብሎ ይጽፋል። በሰከንድ ውስጥ ዓለም ላይ ያለ ሁሉ ያየዋል። ጠቅ ሲደረግ ሬዲዮው ራሱ እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያርፋል። ኢቲ3ኤኤ ብቅ ሲል ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዱ ሲጠቁም መቶው ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል፤ የንብ ቀፎ የተነካ ነው የሚመስለው።

ሕጉ ምን ይላል መሰላችሁ? በዚህ ውድድር ለብቻው የሚወዳደር ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ክላስተር ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ ፈልጎ መወዳደር ነው። ሁለተኛው ክላስተሩን እያየ መወዳደር ነው፤ እሱም ተፈቅዷል፣ ምድቡ ግን የተለየ ነው። በሁለቱም ምድብ ሲከለከል የኖረው አንድ ነገር አለ፤ ራስን መጠቆም፣ ወይም ሌላውን «ጠቁመኝ» ብሎ መለመን።

«ታዲያ እኮ ሲጣራ ነው የሚውለው! መጣራቱስ ራስን ማስተዋወቅ አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነው እንጂ! «ሲኪው» ማለት «የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» የሚል ጥሪ ነው። ሰውየው 48 ሰዓት ሙሉ የራሱን ስም ነው የሚጠራው። የሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ እንደሚውለው ማለት ነው። ማንም አይቀየመውም፤ ሥራው ነው። የራሱ ጉሮሮ እስከሚደርስበት ድረስ ነው የሚሰማው። በሬዲዮም እንዲሁ፣ ድምፅህ የሚደርሰው አንቴናህ፣ ጉልበትህ፣ የመረጥከው ሰዓት እና ባንድ እስከፈቀዱልህ ድረስ ነው። ውድድሩም የሚለካው ይሄኑ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ የትኛው አቅጣጫ ልዙር? የ10 ሜትር ባንድ መቼ ተከፍቶ መቼ ይዘጋል? ሕዝብ በሌለበት ሰዓት ልተኛ ወይስ ልፈልግ? ይሄን የሚያውቅ ያሸንፋል።

ጥቆማ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቆማ የምስክር ቃል ነው። «እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» ማለት ነው። ዋጋ የሚኖረው የሰማው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ራሴን ስጠቁም ምስክሩም እኔ፣ ባለጉዳዩም እኔ ሆንኩ። ድምፄ ከሰፈሬ ይውጣ አይውጣ የሰማ ሰው የለም፤ ግን መረቡ ላይ «ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። ማን ፈረደበት? ራሴው።

እዚህ ላይ ፉከራን የሚያነሳ አይጠፋም፤ አባቶቻችን ራሳቸውን እያወደሱ ይፎክሩ የለም ወይ? ይፎክሩ ነበር። ግን ፉከራውን የሚሰማው አብሮት የዋለ ሰው ነበር። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የፎከረ እዚያው መሳቂያ ይሆናል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባላችንም፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ አፍህን ዝጋ ማለቱ አይመስለኝም። ሥራው ከአፍህ ይቅደም ነው የሚለው።

አሁን ተከራካሪዎቹን በአግባቡ ልስማቸው፤ ዝም ብሎ ማጣጣል አይጠቅምም።

አንደኛው «በሞርስ ኮድ ሁሉም ይጠቆማል፣ በድምፅ ምን ለየው?» ይላሉ። እውነት ነው። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ «ሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ» የሚባል ነገር አለ። በየአገሩ የተተከሉ ተቀባዮች የሞርስ ጥሪን በኮምፒውተር እያነበቡ ማን የት እንደሚሰማ ያለ ሰው እጅ ይለጥፋሉ። ስለዚህ በኅዳሩ ውድድር ራስን የመጠቆም ፈተናው ይቀንሳል። ግን ልብ በሉ፤ ማሽኑ የሚጠቁመው የሰማውን ብቻ ነው። ወዳጅ የለው፣ ጠላት የለው፣ ስንት ተከታይ እንዳለህ አይጠይቅ። ድምፅህ ካልደረሰው ዝም ነው። ይሄ እንዲያውም የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ጥቆማን ጥፋት አድርገን አናየውም፤ የሚያስፈልገን ከባለጉዳዩ ሌላ የሆነ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። «ብርቅ አገር ያለ ሰው ሳይለፋ ይጠቆማል። ታላላቅ ማማ ያላቸው ጣቢያዎችም ይጠቆማሉ። ጣሊያን ወይ ጀርመን ውስጥ 100 ዋት ይዞ ሽቦ አንቴና የወጠረ ልጅ ግን ማን ይጠቁመዋል? ራሱን ካልጠቆመ ሌላ ምን አማራጭ አለው?» ይሄ ክርክር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ውድድሩ እኩል አይደለም። ኢትዮጵያ ሆኖ መጣራትና ጀርመን ሆኖ መጣራት አንድ አይደለም። የጉልበት ምድቡ እንኳ 1,500 ዋት፣ 100 ዋት እና 5 ዋት ተብሎ ተከፍሎ፣ በ1,500 እና በ100 መካከል ወደ 12 ዴሲቤል ልዩነት አለ። ከተማሪዎቼ ሎጋሪዝም ያልረሳ ካለ ያስላው።

ግን መፍትሔው ራስን መጠቆም ነው ወይ? ለሁሉም ቢፈቀድ ማን ይጠቀማል? ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥበት፣ በየአምስት ደቂቃው የሚለጥፍለት ረዳት ያለው፣ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ነው። ትንሹ ልጅ ያኔም ከታች ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ በአንቴና ይበለጥ ነበር፣ አሁን በአንቴናም በተከታይም ይበለጣል። አንዱን እኩል ያልሆነ ነገር በሌላ እኩል ባልሆነ ነገር ማከም አይሆንም።

ሦስተኛው «አንዳንድ ውድድሮች ፈቅደውት የለም ወይ?» የሚለው ነው። አዎ ፈቅደዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ በቪኤችኤፍና ከዚያ በላይ ባሉ ባንዶች በሚደረጉ ውድድሮች ተፈቅዷል። ምክንያቱም ይገባኛል። እዚያ ሞገዱ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተንጸባርቆ በየቦታው አይወርድም፤ አንቴናው ጠባብ ነው፤ ባንዱ ጭር ያለ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞሩ ጭራሽ አይገናኙም። እዚያ ራሱን የጠቆመ ሰው አጭበረበረ አይባልም፤ ሕጉን ተከትሎ ተጫወተ። የእኔ ጠብ፣ ክልክል ነው በተባለበት ቦታ «ሌላ ቦታ ይፈቀዳል» እያለ ከሚያደርገው ጋር ነው። ሕጉ ካልጣመህ ከውድድሩ በፊት ተከራከር። ግብዣውን ተቀብለህ ከገባህ በኋላ ግን የቤቱን ወግ ጠብቅ።

አራተኛው ደግሞ በጣም የሚያበሳጨኝ ነው፤ «ሽልማቱ ወረቀት ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል?»

እውነት ነው፣ ገንዘብ የለም። ሰርተፊኬት እና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽላት ነው ያለው። ግን እንደዚያ ሲሆን እኮ ነው ቁጥሩ እውነት መሆን ያለበት! ገንዘብ ባለበት ያጭበረበረ ሰው ቢያንስ ገንዘቡን ይበላል። እዚህ የሚበላው ምንድነው? ሦስት ሌሊት ካልተኛ ሰው አፍ የነጠቀውን ስም ነው።

ደግሞ ከስም በላይም አለ። «የዓለም ሬዲዮ ስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና» የሚባል ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያትል ላይ ተጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ይካሄዳል። እዚያ ለመግባት ሰዎች በመደበኛዎቹ ውድድሮች ባስመዘገቡት ውጤት ነው የሚመረጡት። ስለዚህ በጥቅምት ራሱን የጠቆመ ሰው፣ ሳይታወቀው ወይም እያወቀ፣ የሌላ ሰው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ይሄ ሻምፒዮና ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። የ2018ቱን ጀርመን፣ ዊተንበርግ አካባቢ የተደረገውን እንውሰድ። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ጥንድ ጥንድ ተወዳዳሪዎች በአንድ አካባቢ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎላቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አንቴና፣ ሁሉም 100 ዋት፣ እያንዳንዱ ድንኳን ውስጥ ዳኛ፣ 24 ሰዓት። የቦታ ዕድል ቀረ፤ የማማ ቁመት ቀረ፤ የኪስ ጉዳይ ቀረ። አሸናፊዎቹ የሊትዌኒያ ጥንዶች ሆኑ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሻምፒዮና ተወዳዳሪዎቹ የራሳቸውን የጥሪ ምልክት አይጠቀሙም። ለዚያ ቀን ብቻ የተዘጋጀ ምልክት በዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ማንነታቸውን በአየር ላይ መግለጽም አይፈቀድላቸውም። ለምን መሰላችሁ? የታወቀ ሰው መሆኑ ከታወቀ ወዳጆቹ፣ የአገሩ ልጆች፣ አድናቂዎቹ ፈልገው ይደውሉለታላ! አንቴናውን እኩል አደረጉ፣ ጉልበቱን እኩል አደረጉ፣ በመጨረሻ የቀራቸው ልዩነት ስም ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ስሙን ሸፈኑት። ችሎታን በንጹሕ ለመለካት ዝናን ከሚዛኑ ላይ ማውረድ ግድ ሆነ ማለት ነው። ለዚያ ተማሪዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁለትም።

«ግን ማን ያውቃል? ማን ይይዘኛል?» የሚል ይኖራል። በተራው ውድድር ድንኳን ውስጥ ዳኛ የለም። ሰውየው ብቻውን፣ በሌሊት፣ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚወዳደረው። ቢሆንም ያን ያህል ጨለማ አይደለም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም የግንኙነት መዝገቡን ይልካል። ኮምፒውተር የአንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ያመሳክራል። «ጀርመንን በ14 ሜጋኸርዝ በ6:32 አገኘሁ» ካልክ፣ ጀርመናዊው መዝገብ ላይ አንተ አለህ ወይ? ከሌለህ ይሰረዛል፤ ምልክቱን አሳስተህ ከጻፍክ ይሰረዛል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል። ከውድድሩ በኋላ መዝገብህን በኢንተርኔት እያየህ ማረምም ክልክል ነው።

ጥቆማዎቹም አይጠፉም፤ ማን፣ ማንን፣ መቼ እንደጠቆመ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንድ ጠቋሚ ሁለት ቀን ሙሉ የሚጠቁመው አንድን ጣቢያ ብቻ ከሆነ ያስታውቃል። በሌላ ሰው ምልክት ተደብቀው ራሳቸውን የጠቆሙ ሰዎች ተገኝተው ያውቃሉ፤ ከውድድር የተሰረዙም አሉ። ክላስተር አላየሁም ያለ ሰው ደግሞ ጥቆማ በወጣ ቁጥር ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እዚያው ከተገኘ፣ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርበታል።

ያም ሆኖ ሁሉም አይያዝም። 100 ዋት ነኝ ያለ ሰው ማጉያውን አብርቶ 400 ቢያወጣ፣ በመዝገብ ላይ ዋት አይታይም። ወዳጁ በስልክ ደውሎ «ጃፓን በዚህ በኩል እየሰማ ነው» ቢለው፣ ማንም አያውቅም። እዚያ ላይ የቀረው ጠባቂ ራሱ ሰውየው ብቻ ነው። የአማተር ሬዲዮ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ የሚያስተላልፉት የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ለሌላው ማሰብ ነው። የሌላውን ደስታ የሚቀንስ ነገር እያወቁ አለማድረግ። ስለ ቴክኒክ ከመናገሩ በፊት እሱን አስቀደመ።

አንድ የሚያሻማ ቦታ አለ፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ወዳጄ ሳልለምነው ቢጠቁመኝስ? አንድ ጊዜ ሰምቶኝ ቢጠቁመኝ ምንም አይደለም፣ ጥቆማ ማለት እሱ ነው። በየአሥር ደቂቃው ሲጠቁመኝ ግን «ተው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፣ ይበቃል» ማለት የእኔ ፋንታ ነው። ስልኩን አቁሞ ፍሪኩዌንሲው እየታየ በቀጥታ የሚያስተላልፍም፣ በእኔ እይታ፣ ራሱን እየጠቆመ ነው፤ ክላስተር አልነካሁም ማለቱ አያድነውም። ከውድድሩ በፊት «በዚህ ቀን ከዚህ አገር እወዳደራለሁ» ብሎ መለጠፍ ግን ያለ የነበረ ወግ ነው። ከውድድሩ በኋላም ስለ ውጤቱ መጻፍ ደስ ይላል። ደግ ደጎቹ ሲጽፉ ነጥቡ ገና ያልተመረመረ መሆኑን ይናገራሉ፤ ስንት ዋት፣ ምን ዓይነት አንቴና፣ ክላስተር ያዩ ያላዩ መሆናቸውን አብረው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለውን ራስን ማስተዋወቅ እኔም ላይክ አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ይሄ ጉዳይ ያንገበገበኝ በሬዲዮ ብቻ አይደለም።

አንድ ጊዜ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ (የአዘጋጆቹ ስም ይቅር) የነጥቡ የተወሰነ ክፍል በፌስቡክ ላይክ ይቆጠር ነበር። ከክበባችን የሄደችው ልጅ ከአሮጌ ሬዲዮ ክፍሎች የወንዝ ሙላት ማስጠንቀቂያ ሠርታ ነበር። ውሃው የተወሰነ ከፍታ ሲደርስ ይጮኻል፤ ሞክረነው ሠርቷል። ልጅቷ ስማርት ስልክ የላትም። የእናቷም ስልክ ቁልፉ የተፋቀ ኖኪያ ነው። ዳኞቹ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጧት፤ ላይኩ ሲደመር ወደቀች። ያለፈው ሥራ መጥፎ ነበር አልልም። የዚያ ልጅ ቤተሰብ ግን በየግሩፑ «ሼር አድርጉልን» ሲል ነው የሰነበተው። በልጁ አልተናደድኩም፤ ሕጉ ፈቅዶለታል። የተናደድኩት ሕጉን ባወጣው ሰው ነው። ምን ለመለካት ነበር ያሰበው? ፈጠራ ወይስ የዘመድ ብዛት? ልጅቷ ስንመለስ «ቲቸር፣ ቀጣይ ዓመት ማሽኑን ላሻሽል ወይስ ፌስቡክ ልክፈት?» አለችኝ። ለዚህች ጥያቄ አስተማሪ ምን ይመልሳል?

እኔ ማሽኑን አሻሽይ አልኳት። ግን ያን ያልኩበት ዓለም የእኔን ቃል ካላከበረ ውሸታም የምሆነው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የማያቸው የሬዲዮ ሰዎች ስለ አንዲት ጥቆማ እንዲህ ሲጨቃጨቁ የማልስቅባቸው። እነሱ የሚጨቃጨቁት ልጆች «ማሽኑን አሻሽሉ» ሲባሉ እውነት ሆኖ እንዲቀር ነው።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪዬ እና ለሌሎቻችሁም የምለው ይሄ ነው። ራሳችሁን አስተዋውቁ። ሱቅ የከፈታችሁ፣ ዘፈን ያወጣችሁ፣ ሥራ የምትፈልጉ፣ ለጥፉ፣ ተናገሩ፣ እኔም ሼር አደርጋለሁ። ሰው ካላወቃችሁ ማን ይገዛችኋል? እዚያ ላይ ማፈር አያስፈልግም። ግን ውድድር ውስጥ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ የሚለካው ምንድነው? የምታደርጉት ማስተዋወቅ ከዚያ መለኪያ ውጪ ከቆመ፣ ግፉበት። መለኪያው ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ከቀየረ ግን፣ ያሸነፋችሁት ሌላ ውድድር ነው፤ የወሰዳችሁት ጽላት ላይ የተጻፈው ግን የዚህኛው ስም ነው።

ውድድር የምታዘጋጁ ወዳጆቼም (አንዳንዶቻችሁ እዚህ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ) እባካችሁ ላይክን ነጥብ አታድርጉ። የሕዝብ ምርጫ የሚል ሽልማት ከፈለጋችሁ ለብቻው ስጡ፣ ስሙንም በግልጽ ጻፉት። ሬዲዮኞቹ ክላስተር የሚያየውንና የማያየውን በተለያየ ምድብ እንዳደረጉት ማለት ነው። ሥራው ሲዳኝም ከተቻለ ስም ተሸፍኖ ይዳኝ። ፈተና ስናርም ስም ብንሸፍን ምን ያህል እንደሚጠቅም አስተማሪ የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

የሞርሱ ውድድር በእኛ ኅዳር አጋማሽ ገደማ ነው። ሌሊት የሚነቃ ካለ የትዌንቴውን ተቀባይ ከፍቶ በ14 ሜጋኸርዝ ታችኛው ክፍል ላይ ያድምጥ። መጀመሪያ ጫጫታ ብቻ ነው የሚመስላችሁ፤ ከዚያ አንዱን ለይታችሁ ስትይዙት ሰውየው ከየት እንደሚጣራ ለማወቅ ትጓጓላችሁ። ኢቲ የሰማ ሰዓቱንና ፍሪኩዌንሲውን ኮሜንት ላይ ይጻፍልን። አድማጭ ስለሆናችሁ መጠቆም ለእናንተ ይፈቀዳል 🙂

ከሐሳቡ የማትስማሙ ካላችሁ ከነምክንያታችሁ ጻፉ፣ እመልሳለሁ። በተለይ «ለሁሉም ይፈቀድ» የምትሉትን መስማት እፈልጋለሁ። ስድብ ብቻ አይፈቀድም።

ቸር ያሰማን።